የተማሪ ፓርላማ ተመርጠናል፣ ከሰልፍ ማስያዝ ውጪ ምን እንስራ?

አፈጉባኤ_11ሲ

ሰላም ሰላም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ 11ኛ ክፍል ነኝ። ጥቅምት ላይ የተማሪ ፓርላማ ምርጫ ነበርና አፈጉባኤ ሆኜ ተመረጥኩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ 12ኛ ክፍል ነው፣ ከዛ የትምህርት ሚኒስትር የጤና ሚኒስትር የሴቶች ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ እያለ ይቀጥላል፣ ባጭሩ የሚኒስትር እጥረት የለብንም ሃሃ። ችግሩ ስራው ላይ ነው። ከተመረጥን ጀምሮ የሰራነው ጠዋት ሰልፍ ማስያዝ፣ በር ላይ ቆሞ ያረፈደ መመዝገብ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰና ፀጉሩን ያሳደገ ለዩኒት ሊደሩ መጠቆም፣ ህዳር 22 የኤድስ ቀን ላይ ግጥም ማንበብ፣ በቃ። አሁን ልጆቹ እኛን ሲያዩ ወሬ ያቆማሉ፣ "ጆሮ ጠቢዎቹ መጡ" ይላሉ፣ እኔ ደሞ ለዚ አልነበረም የተወዳደርኩት።

ባለፈው ተሰብስበን ሁሉም ያሰበውን ተናገረ። 12ኛዎቹ ልባቸው የባህል ቀንና የከለር ቀን ላይ ነው፣ እሱም ደስ ይላል አልቃወምም ግን ለሱ ፓርላማ ምን ያደርጋል። ሌሎቹ ችግኝ እንትከል፣ ደም እንለግስ፣ ለ9ኛ ክፍሎች ቲቶሪያል እንስጥ፣ ለሴቶች ሞዴስ እናሰባስብ፣ ብር አዋጥተን ለተቸገሩ ተማሪዎች እንስጥ አሉ። ባጀት ዜሮ። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አይደሉም ግን መልሳቸው ሁሌ አንድ ነው፣ "ፕላናችሁን በጽሁፍ አምጡ"፣ ፕላኑ ምን ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ ግን የሚነግረን የለም። እናንተ ትምህርት ቤት ምን ተሰርቶ ነው ውጤት ያመጣው? ከፋሲካ በኋላ 12ኛዎቹ ስለማይገኙ ጊዜያችን አጭር ነው።

ቲቸር_ከፒያሳ

አፈጉባኤዋ እንኳን ደስ አለሽ። አስተማሪ ነኝ፣ ዩኒት ሊደርም ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ስለዚ ከወዲያኛው ወገን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ከበሩ ላይ ዞር በሉ። ያረፈደ መመዝገብ የተረኛ መምህርና የዩኒት ሊደር ስራ ነው፣ ለናንተ የተሰጣችሁ መምህሩ በጠዋት ብርድ ላይ መቆም ስለሚጠላ ነው፣ እኔም ስለምጠላው አውቀዋለሁ። ጠዋት ስሙን የመዘገብሽውን ልጅ ከሰዓት "ቅዳሜ መጥተህ ላይብረሪ እናስተካክል" ብትይው አይመጣም፣ አይፈረድበትምም። ዳይሬክተሩ ጋ ገብታችሁ በጨዋ ደንብ "ይሄን ስራ ለተረኛ መምህር መልሱልን፣ እኛ በምትኩ ይሄን እንሰራለን" በሏቸው። በምትኩ የምትሉት ነገር ከሌለ ግን አትግቡ፣ አይሰጧችሁም።

ፕላን ስትባሉ ደሞ አስራ አምስት ገጽ አይደለም፣ መግቢያ ዓላማ ግብ ስትራቴጂ እያላችሁ ከኢንተርኔት እንዳትገለብጡ፣ ማንም አያነበውም። አንድ ገጽ። ምን እንደምትሰሩ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ማን እንዳለበት፣ ከትምህርት ቤቱ የምትፈልጉት ምን እንደሆነ፣ ለምሳሌ የክፍል ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ ሞንታርቦ፣ እና ኃላፊነት የሚወስደው መምህር ስምና ፊርማ። ዳይሬክተር የሚፈራው ሀሳቡን አይደለም፣ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ልጅ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል የሚለውን ነው። የመምህሩ ፊርማ ካለበት ፍርሃቱ ግማሽ ሄደ። ከዛ ወተመህ (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) ሲሰበሰብ አጀንዳ አስይዙትና ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የገባ ነገር ዳይሬክተር ቢቀየር እንኳ ይቀጥላል።

ብር አዋጡ ያሏችሁን ተዉት። ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚቀበለው በሞዴል 64 ደረሰኝ ነው፣ እናንተ ደረሰኝ የላችሁም። ከየክፍሉ 10 10 ብር ሰብስባችሁ እስከ ሳንቲሟ ለተቸገረ ብትሰጡ እንኳ ወሬው አይቀርላችሁም፣ ወሬ ደሞ በቃለ ጉባኤ አይዘጋም። በእቃ ተቀበሉ፣ ደብተር፣ እስኪርቢቶ፣ ሳሙና፣ እና የገባውንና የወጣውን ክፍሎቹ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

ሪሚዲያል_የወጣው

እኔ ቲቶሪያሉን ነው የምደግፈው፣ በደንብ ነው የምደግፈው። የ12ኛ ፈተና መጀመሪያ ዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ጊዜ፣ የ2014ቱ ማለቴ ነው፣ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደሞ 5.4። እኔ ከነዛ ካላለፉት ነኝ፣ ሪሚዲያል፣ ማለትም ላላለፉ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገብቼ ነው አሁን ዩኒቨርስቲ ሁለተኛ ዓመት የደረስኩት። እና ሪሚዲያል ላይ ያየሁት ነገር ቢኖር ብዙዎቻችን የወደቅነው 12ኛ ላይ አልነበረም፣ 9ኛ ላይ ነው። ክፍልፋይ የማይችል ልጅ ፊዚክስ ላይ ምን ይሆናል? ከክልል ተዛውረው የሚመጡት ደሞ ብዙዎቹ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፣ ባዮሎጂው ከብዷቸው ሳይሆን አረፍተ ነገሩ ነው የሚጥላቸው።

እኛ ጋ ሲሰራ እንደዚ ነበር። አንድ ትልቅ ክላስ ሞልተሽ ሰሌዳ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ አታቁሚ፣ እሱ መምህር መምህር ይጫወታል እነሱ ይተኛሉ። አምስት ስድስት ሆነው አንድ ዴስክ ዙሪያ ይቀመጡ። የሚያስረዷቸው 11ኛዎች ይሁኑ፣ 12ኛ አትንኩ፣ ለራሱ ጭንቀት አለበት። አዲስ ቻፕተር አትጀምሩ፣ በዛ ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማሩትን ብቻ፣ የቤት ስራቸውን እዛው ይስሩ፣ እሱ ነው ልጁን በሚቀጥለውም ሳምንት የሚያመጣው፣ ምክንያቱም ሰኞ ደብተሩ ሲታይ ተሰርቷል። እና ቅዳሜን ብቻ አትያዙ፣ ቅዳሜ ሴቶቹን ቤት ስራ ስለሚይዛቸው ይቀራሉ፣ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። አስረጂዎቹም ይጠቀማሉ እኮ፣ እኔ ሎጋሪዝም የገባኝ ለሌላ ሰው ሳስረዳ ነው።

አፈጉባኤ_11ሲ

ቲቸር በጣም አመሰግናለሁ፣ የበሩን ነገር ለጠቅላይ ሚኒስትራችን ሳነብለት ዝም አለ ምክንያቱም እሱ በር ላይ መቆም ይወዳል ሃሃሃ። የቲቶሪያሉን ሀሳብ ወስጃለሁ። ደም ልገሳውስ? የጤና ሚኒስትራችን ቀይ መስቀል ክበብ ውስጥም ስላለች እሱ ላይ ጠንክራለች።

ነጭ_ጋዋን

ደም ባንክ ባልሰራም ነርስ ነኝ። እህቴ፣ ደም ለመለገስ 18 ዓመት መሙላት አለበት፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ ከዛ በየሶስት ወሩ ነው የሚለገሰው። 11ኛ ክፍል ላይ ብዙዎቻችሁ አልደረሳችሁም፣ የደረሰውም ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የመጣ ይኖራል፣ እንደዛ ሆኖ አይሰጥም። ግን አስተናጋጅ መሆን ትችላላችሁ። የሪፖርት ካርድ የሚሰጥበት ቀን ወላጅ በሙሉ ግቢ ይመጣል አይደል? የደም ባንክ ሰዎች ለጋሽ ከተሰበሰበላቸው አልጋቸውንና እቃቸውን ይዘው እናንተው ጋ ይመጣሉ። ቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ አንድ ጥላ ያለው ክፍል፣ ወንበር፣ ውሃና ለስላሳ አዘጋጁ፣ ልጆቹ ወላጅ ይመዝግቡ፣ ይምሩ፣ የሰጠውን አስር ደቂቃ አስቀምጠው ያጫውቱ። የልጁን ካርድ አይቶ የተናደደ አባት ግን አታስተኙ፣ ግፊቱ ወጥቶ ይመለሳል ሃሃ።

የአካባቢ_ጥበቃ_ተስፋ_የቆረጠ

እኔ ስለ ችግኝ ልናገር ምክንያቱም ማንም አይናገርም። ትምህርት ሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፣ ችግኝ የሚተከለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ማለትም ተማሪ በሌለበት። ስለዚ ወይ ሰኔ ላይ ገና መሬቱ ሳይርስ በችኮላ ይተከላል፣ ወይ ክረምት በጎ ፈቃድ ተብሎ ጥቂት ልጅ በባነር ይመጣል፣ ፎቶ፣ ቴሌግራም፣ አለቀ። መስከረም ላይ አሁንም ለምለም ነው፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ህዳር ላይ ዝናቡ ከቆመ በኋላ ማን ያጠጣዋል? ጥር ላይ ሂጂና እዪ፣ እንጨቱ ቆሟል ቅጠሉ የለም። በሚቀጥለው ክረምት እዛው ጉድጓድ ላይ ሌላ ይተከላል፣ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከ2011 ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ እየተባለ በየዓመቱ ሲተከል የኛ ግቢ ደን መሆን ነበረበት።

እና ምክሬ፣ አሁን ታህሳስ ስለሆነ አንድም አዲስ ችግኝ አትትከሉ። ባለፈው ክረምት የተተከለውን ቁጠሩ። በህይወት ያለውን ለየሴክሽኑ አከፋፍሉት፣ 9ኤ ይሄን መስመር፣ 9ቢ ያንን፣ በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ጄሪካን ውሃ። እስከ ግንቦት ይሄን ብቻ ስሩ። ለፎቶ አይመችም ግን ዛፍ ይሆናል።

ጾታ_ክበብ_የነበረች

የሞዴሱን ነገር ማንም ስላልነካው እኔ ልንካው። ብዙ ትምህርት ቤት የሚያደርገው አንድ ቀን ድርጅት ይጋብዛል፣ ሴቶቹን አዳራሽ ይሰበስባል፣ ንግግር፣ አንድ አንድ ፓኬት፣ ፎቶ። እሱ ፓኬት የአንድ ወር ነው። ሴት ልጅ ደሞ በየወሩ ነው የምትቀረው።

እኛ ያደረግነው እንደዚ ነው። የሴቶች ሽንት ቤት አጠገብ ያለች ትንሽ እቃ ክፍል አስፈቀድን፣ ውስጧ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪ፣ ጥቁር ፌስታል። የቸገራት ትገባለች ትወስዳለች፣ ስም የለ ፊርማ የለ። መጀመሪያ ላይ አንዱ መምህር "ይሰረቃል፣ መዝግቡ" ብሎ ነበር፣ ሴቶቹ መዝገቡን ሲያዩ መግባት አቆሙ፣ መዝገቡን ስናነሳ ተመለሱ። ብትሰረቅስ ታዲያ፣ ሞዴስ የሚሰርቅ ሰው የሚፈልገው ሰው ነው። ለመሙላት ደሞ አቅም ያላት ልጅ በሴሚስተር አንድ ፓኬት ታመጣለች፣ ሴት መምህራንም ያግዛሉ፣ ከቻላችሁ እየታጠበ የሚያገለግለውን የጨርቁን አሰራር ተማሩና ስፉ፣ መርፌና ክር ነው።

አንድ ነገር ግን፣ ውሃ ከሌለ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሮቶ ቢኖርም ተማሪው በጠዋት ይጨርሰዋል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ከጥበቃው ጠይቂ፣ የዛን ቀን ጄሪካኖቹ ይሞሉ፣ ተሸክሞ ማምጣት የወንዶቹ ስራ ይሁን፣ ለምን እንደሆነም ይነገራቸው፣ ይሰማሉ እኮ፣ እኛ ጋ መጀመሪያ ሳቁ ከዛ ተራ ያዙ። ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ አትርሱ።

እማማ_ሲልቨርስፕሪንግ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ልጄ ሃይስኩል ነች። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስራት አለበት፣ ግዴታ ነው፣ በወረቀት ይመዘገባል። ጥሩነቱ ሁሉም ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ የምግብ ባንክ ወይ የአዛውንቶች ቤት ያያል። መጥፎነቱ ደሞ ሰዓት ቆጠራ ይሆናል፣ ልጄ ከመሄዷ በፊት የምትጠይቀኝ "ስንት ሰዓት ይሞላልኛል" ብላ ነው፣ የሄደችበትን ሰውዬ ስም አታውቅም። በኛ ካውንቲ ተማሪዎቹ ራሳቸው ድምጽ ሰጥተው ትምህርት ቦርዱ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ይመርጣሉ፣ እሱ ግን ያስቀናል፣ ቦርዱ ላይ እየተቀመጠ ድምጽ ይሰጣል። የሰዓት ቆጠራውን ያነሳሁት ሰርተፊኬት እንስጥ የሚል ሰው ከመጣባችሁ አስቡበት ለማለት ነው። እና ደሞ እኛ ከዚህ ምን እንላክ? ቤተክርስቲያን ውስጥ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሰበስቡ እናቶች አለን።

ቲቸር_ከፒያሳ

እትዬ እግዜር ይስጥልን። በሰርተፊኬቱ ግን አልስማማም፣ የአሜሪካ ልጅና የኛ ልጅ አንድ አይደለም። እዚህ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ መጥቶ 9ኛ ክፍል ሲያስጠና ከርሞ ማህተም ያለበት ወረቀት ቢወስድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እናቱ ለጎረቤት ታሳያለች። እሱን አልከለክለውም። የመጽሐፉን ነገር ደሞ በቅንነት ልንገርዎት፣ ያገለገለ የአሜሪካ ቴክስትቡክ አይላኩ፣ ካሪኩለሙ ስለማይገናኝ ስቶር ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ ማስወገዱ ራሱ የንብረት ኮሚቴ ይፈልጋል። ለማንበብ የሚቀል እንግሊዝኛ ልብወለድ፣ ካልኩሌተር፣ ለሳጥኑ የሚሆን ነገር ከሆነ ይሻላል።

የዘማች_ትውልድ

ልጄ፣ እኔ 1967 ላይ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተብሎ 11ኛና 12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነመምህሩ፣ 60 ሺህ ገደማ ሆነን ወደ ገጠር ተበተንን። ፊደል አስቆጠርን፣ ሽንት ቤት ቆፈርን፣ የካቲት ላይ የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ገበሬ ማህበር አደራጀን። ወዶ የዘመተም ነበር ሳይወድ የዘመተም ነበር፣ ፖለቲካውን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እኛ የተመደብንበት ቀበሌ ሽንት ቤት ቆፍረን ስናበቃ ማንም አልገባበትም፣ ምክንያቱም የቆፈርነው ከላይ ታዘን ነው፣ ቦታውን የመረጥነው እኛ ነን፣ ቤቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ገበሬው የፈለገው ወንዙ ላይ የእግር ድልድይ ነበር። በኋላ ሁለት ግንድ አጋድመን ስንሰራለት ማር አምጥቶ አበላን። እናንተም 9ኛ ክፍሎቹን ጠይቁ፣ ሚኒስትሮቹ ብቻ ተቀምጣችሁ አትወስኑ።

አፈጉባኤ_11ሲ

ጋሼ እሺ፣ ጠየቅን! ሀሳብ መስጫ ካርቶን ሰርተን ስም ሳይጻፍ 9ኛ ክፍሎቹ እንዲጽፉ አደረግን። ቲቶሪያል ይመጣል ብለን ነበር፣ መጥቷልም፣ ውሃና ሽንት ቤትም መጥቷል። ግን ያልጠበቅነው ምሳ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ምገባ ነበራቸው፣ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበሉ ነበር፣ 9ኛ ሲገቡ ምገባው የለም። አንዷ "ምሳ ሰዓት ላይብረሪ ክፈቱልን፣ የሚበሉት ጋ መቀመጥ ይከብዳል" ብላ ጽፋለች። እሱን ሳነብ ምን እንደምል ጠፋኝ። ባጀት የለንም፣ ብር ደሞ አትሰብስቡ ተብለናል። ምን ይደረጋል?

ጾታ_ክበብ_የነበረች

ላይብረሪውን ክፈቱላት፣ እሱ ነገ ይቻላል። ከዛ ግን የ"ችግረኛ ተማሪዎች ዝርዝር" የሚባል ነገር እንዳታወጡ፣ ሆም ሩም ቲቸር ክፍል ውስጥ "ምሳ የሌለው እጁን ያውጣ" ሲል የሰማሁት አሁንም ያንገበግበኛል።

በየሴክሽኑ አብሮ መብላት ጀምሩ። ዴስክ ይገጠማል፣ ምሳ ዕቃ ሁሉ መሀል ይከፈታል፣ ማን ምን እንዳመጣ አይታወቅም፣ ሽሮውም ፓስታውም አንድ ላይ፣ ያላመጣውም ውሃ ያስታጥባል ይበላል። መጀመሪያ ራሳችሁ የፓርላማ ልጆች በየክፍላችሁ ጀምሩት፣ የፆም ቀን የማይፆሙትም የፆም ያምጡ፣ አለበለዚያ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ሙስሊም ልጆች ካሉ የፍስክ ቀን ስጋ ነክ ነገር ለብቻ ይሁን፣ የቀረው የጋራ ነው። ፕሮጀክት ብላችሁ ስም አታውጡለት፣ ሚኒ ሚዲያ ላይም አታንብቡት።

ሪሚዲያል_የወጣው

ይሄኛው ይሰራል። ረቡዕ ቲቶሪያል ላይም የሆነ ነገር ይኑር፣ ቆሎም ቢሆን፣ ተርቦ አልጀብራ አይገባም።

አፈጉባኤ_11ሲ

እሺ፣ ቆሎውን እናቴ ትቆላለች፣ ጠይቄያታለሁ። ፕላኑን አንድ ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ የባዮሎጂ መምህራችን ፈርመዋል፣ ሰኞ አስገባለሁ። 12ኛዎቹ የባህል ቀናቸውን ይዘዋል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከነሱ ጋር ነው፣ ይቅናቸው።

ጾታ_ክበብ_የነበረች

የሳጥኗን ክፍል ቁልፍ ለሁለት ሰው ስጡ፣ አንድ ሴት መምህርና አንድ ተማሪ። ያለበለዚያ ቁልፍ ያዥዋ የቀረች ቀን ክፍሉ ተዘግቶ ይውላል።